እትዬ ትርንጎ ባል የጠየቁ ዕለት

የእትዬ ትርንጎን ማረፍ የሰማሁት ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ጆሮ እስኪበሳ ከፍቶታል። ዜና አንባቢው «አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት አንጋፋ ደራሲ» ብሎ የመጻሕፍታቸውን ስም መደርደር ሲጀምር፣ ሳላስበው «ይሄማ ግማሹ ነው! ሙሉውን ተናገር እንጂ!» ብዬ ጮህሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ። የማውቃቸው ሰው ሞተውብኝ ነው አልኋቸው። «ነፍስ ይማር» አሉና ከዘንቢላቸው አንድ ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝ። አዲስ ቅዳም እስክንደርስ ብርቱካኑን እንደያዝሁ አለቀስሁ። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ደግሞ አንድ ነገራቸው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እኒያ እናት ከዚያ በኋላ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

አልፈርድባቸውም፤ እትዬ ትርንጎን አያውቋቸውማ። የሚያውቃቸው ሰው እሳቸውን አስቦ ማልቀስ ብቻ አይሆንለትም።

የተዋወቅነው እንጅባራ፣ የኛዋ ቆሰበር፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት ነው። እኔ ያኔ ዳንግላ አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ የጥቅምት ጧት በመምህራን ማረፊያው በር ላይ አንዲት ረጅም፣ ፀጉራቸው ፍጹም የነጣ ሴት ቆሙ። የወንድ ጫማ ተጫምተዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተዋል። «አዊኛ የሚችልና ይሉኝታ የማያበዛ ሰው ፈልጌ ነው» አሉ። ርእሰ መምህሩ ለአፍታ እንኳ ሳያስብ ወደ እኔ ጠቆመ። የቆሰበር ልጅ ስለሆንሁ አዊኛውን በእርግጥ እችላለሁ፤ የይሉኝታው ነገር ግን እስከ ዛሬ ቅር እንዳለኝ ነው። ስማቸውን ሲነግሩኝ፣ ከመጻሕፍታቸው አንዱን ደጋግሜ ያነበብሁት ነበርና ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ተቀመጥ የኔ ልጅ፣ መጽሐፍ ጻፍሁ እንጂ ጳጳስ አልሆንሁ» አሉኝ።

መነጽር ነበራቸው። መነጽሩን ግን እንደ ሌላው ሰው ለማየት ብቻ አልነበረም የሚጠቀሙበት። ሰው ሲዋሻቸው ቀስ ብለው ያወልቁትና ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከዚያም በባዶ ዓይናቸው ውሸታሙን ትክ ብለው ያዩታል። አንድ ቃል አይናገሩም። ትልቅ ትልቅ ሰው መነጽሩ ሲወልቅ መንተባተብ ሲጀምር በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ራሴ፣ አርፍጄ የመጣሁ ዕለት «ባጃጅ አጥቼ ነው» ስላቸው መነጽሩ ወረደ። ሁለተኛ አልሞከርሁትም።

የመጡበት ጉዳይ የአያታቸው ነገር ነው። የእናታቸው እናት ወለላ ትባላለች። በልጅነቷ ከአንድ ሲራራ ነጋዴ ጋር ሸዋ የገባች፣ ከየት እንደመጣች የባሏ ዘመዶች ሲጠይቋት «ነጋዴ ክረምት ከሚጠብቅበት፣ ከድንጋዩ ድልድይ» ከማለት በቀር የማትናገር ሴት ነበረች። በባሏ ዘመዶች ዘንድ ስሟ ወለላ ይሁን እንጂ ጠብ በተነሣ ቁጥር መጠሪያዋ ሌላ ነበር። «ወንዝ ያመጣሽ» ይሏታል። ስድቡ ለልጇ ተረፈ። እትዬ ትርንጎ እናታቸው በሞተች ጊዜ እንኳ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዷ የአባታቸው ዘመድ «ወንዝ ያመጣትን ወንዝ ወሰዳት» ስትል በጆሯቸው ሰምተዋል።

«ስለ እናቴና ስለ አያቴ መጽሐፍ ጀምሬ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቆሜ አረጀሁ» አሉኝ። «ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ ምን ብዬ ልጀምር? ወንዝ አመጣት ብዬ? ይሄን ስድብ በገዛ እጄ አላትመውም። የአባቷን ስም አግኝቼ እሞታለሁ።»

በኋላ ስለዚያ ጉዞ ጋዜጠኛ ሲጠይቃቸው «ወንዙን አየሁት» ብለው ነበር የሚያልፉት። ባል መጠየቃቸውን ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን ሽማግሌያቸው ነበርሁና አልደብቀውም።

ድንጋይ ድልድይ ያለው፣ ነጋዴ ክረምት የሚጠብቅበት አገር በእኛ አካባቢ ማክሰኞ ገበያ ነው። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ድሮ ግን ቡናና አሞሌ የጫነ ሲራራ ሁሉ ከማዶ ያሉት ወንዞች እስኪጎድሉ ሜዳዋ ላይ ይሰፍር ነበር። ሜዳውን ዛሬም ሲራራ ሜዳ ይሉታል። ከዳንግላ በአይሱዙ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላም በጭቃ ሄድን። እትዬ ትርንጎ በየጉድጓዱ ስንነጥር «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እያሉ ትልቁን ቦርሳቸውን አቅፈው ይስቃሉ።

ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ማን እንደሠራው ጠየቁ። አንዱ የፈረንጅ ሥራ ነው አላቸው፤ አንዱ የንጉሥ፤ ሌላው በአንድ ሌሊት ቅዱስ ገብርኤል ነው የሠራው አለ። መነጽሩ ለሁለቱ ወለቀ። ለቅዱስ ገብርኤል ባዩ አልወለቀም። «እሱ የሚያምንበትን ነው የተናገረው» አሉኝ።

ከተማዋ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው የድልድዩ መሀል ላይ ብቻ ነበር። የወንዙ ድምፅ ስለሚያይል ስልክ የሚያወራ ሁሉ ይጮኻል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ገበያ ውስጥ የማንም ጉዳይ ተደብቆ አያድርም። የኛም ጉዳይ አልተደበቀም። ገና ክፍል ሳንከራይ ከተማው «መሬት ልትጠይቅ የመጣች የአዲስ አበባ ሴት» ብሎ ጨርሶን ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሾላው ሥር ሽማግሌዎቹን አገኘናቸው። የቆጠራው ሰው አያ ቢሻው ነበሩ። ቆጠራ ማለት በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ማን ከማን እንደተወለደ በቃል መዘርዘር ነው፤ ያካባቢው የዘር ሐረግ ሁሉ አያ ቢሻው ደረት ውስጥ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ከበትራቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። እትዬ ትርንጎ የመጡበትን ነገሩ፤ እኔ አንዳንዱን በአዊኛ አስረዳሁ። ሰምተው ሲጨርሱ በትራቸውን መሬት አስነኩና፦

«ሙት ለወሬ አይቀሰቀስም» አሉ።

«ወሬ አይደለም፣ አያቴን ነው የጠየቅሁት» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ይሁን። መሬት በዘር በሚጠየቅበት ጊዜ ስንቱ እየመጣ 'የአያቴ አያት ከእናንተ ናት፣ ቁጠሩልኝ' አለን። ቆጠርን። የቆጠርንለት ሁሉ ድንበር ገፋ፤ ወንድምና ወንድም ዱላ ተማዘዘ። ከዚያ ወዲያ ምለናል። ለሁለት ነገር ካልሆነ አንቆጥርም። ለጋብቻ፣ ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ፤ ለደም፣ ካሳው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። በቃ።»

እትዬ ትርንጎ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ወይ ሰው መግደል ወይ ባል ማግባት አለብኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። አያ ቢሻው ብቻ አልሳቁም። «አዎ፣ እንደሱ ነው» አሉ።

ስንመለስ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊቴ ተራመዱ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆሙና «መግደሉስ ይቅር» አሉኝ።

የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ የምራቸውን ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ሰውየውን ጭምር መርጠው ጠበቁኝ።

ሰውየው አያ ፈንቴ ናቸው። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡ፣ ከሲራራ ሜዳ ዳር ባለ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። ዘወትር ጧት ፈረሳቸውን ሊያጠጡ ወንዝ ይወርዳሉ፤ እትዬ ትርንጎ ደግሞ ዘወትር ጧት ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እንደዚያ እንደዚያ እያለ ሰላምታው ወደ ጨዋታ ተሻገረ። አያ ፈንቴ ለመቀመጫቸው የቀርከሃ በርጩማ ሠርተው አመጡላቸው። እኔ ከዳንግላ ቅዳሜና እሑድ እየተመላለስሁ ነበርና በመጣሁ ቁጥር ጨዋታው ጠንክሮ አገኘዋለሁ።

«ከሜዳው ዳር የቆየ ቤት የእሳቸው ብቻ ነው» አሉኝ እትዬ ትርንጎ። «አያቴ ነጋዴውን ያየችው እዚያ ሜዳ ላይ ነውና፣ ከዚህ አገር ከወጣች ከዚያ ቤት ነው። ከዚያ ካልሆነ ከየትም አይደለም። ከእሳቸው ጋር ጋብቻ ከጠየቅሁ ያ በትረኛ ቤቱን ከሥሩ መቁጠሩ ግዴታው ነው።»

«አያ ፈንቴን ለምን ዝም ብለው አይጠይቋቸውም? አያትዎ የነገሩዎትን ሁሉ ቢነግሯቸው…»

«ሁሉንም አልነግርም። የማውቀውን ሁሉ ከነገርኳቸው ያንኑ መልሰው ይሰጡኛል። ለእንግዳ ደስ እንዲለው ብሎ የማይዋሽ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ ደስ እንዲለኝ አይደለም የመጣሁት።»

በማግስቱ ወንዝ ዳር አብሬያቸው ወረድሁ። አያ ፈንቴ ፈረሱን ያጠጣሉ።

«አያ ፈንቴ፣ ሽማግሌ ብልክብዎ ይቆጡኛል?»

«ምን አጥፍቸ?» አሉ ደንገጥ ብለው።

«ምንም አላጠፉ። ላገባዎት ብዬ ነው።»

ከሰሚዎቹ ያልደነገጠው ፈረሱ ብቻ ነው፤ እሱ ውሃውን ጠጣ። እትዬ ትርንጎ ነገሩን አልሸፋፈኑትም። ስለ ቆጠራው፣ ስለ አያታቸው፣ ስለ አያ ቢሻው መሐላ ሁሉ ቁጭ አድርገው ነገሯቸው፤ አያታቸው ስለ አወጣጧ የነገረቻቸውን ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። አያ ፈንቴ ልጓሙን እንደያዙ አዳመጡ።

«ገባኝ፤ ለቆጠራው ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ቆጠራው ቢፈቅድስ?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ትርንጎ ወንዙን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። «ሽማግሌ ልኬ ልቀልድ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ከፈቀደ ቃሌ ቃል ነው። አገባዎታለሁ።»

«ዘመድ ከሆነስ?»

«ያኔማ ተከለከልን። እኔ የምፈልገው ያን ነው።»

«እርስዎ የሚፈልጉት ያን ነው» አሉ አያ ፈንቴ ቀስ ብለው። «በሉ ይላኩ።»

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ሽማግሌ ሆንሁ። ለባለቤቴ ልነግራት ድልድዩ ላይ ወጥቼ «ለአንዲት የስልሳ ዓመት ሴት ባል ልጠይቅላቸው ነው፣ እሑድም አልመጣም!» ብዬ ስጮህ፣ ከወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ልብሳቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ሴት ሽማግሌ ስትልክ በአገሩ ተሰምቶ አያውቅም። ከተማው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። አያ ቢሻው ግን ቀልዱ ገብቷቸውም ቢሆን እጃቸው ታስሯል፤ ጋብቻ ተጠይቋል፣ መቁጠር አለባቸው።

ሳቁ የቆመው አያ ፈንቴ ቤታቸውን ማስመረግ ሲጀምሩ ነው። ግድግዳው አዲስ ጭቃ ተመረገ፤ አጥሩ ታደሰ። ፀጉራቸውን ተቆረጡ፤ አዲስ ጋቢ ገዙ፤ ፈረሱ እንኳ ታጥቦ ኮርቻው ተጠገነ። እትዬ ትርንጎ ያን ግድግዳ ያዩ ጊዜ መንገዱ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሰውየው እኮ እውነቱን ነው» አሉኝ።

«እንተወው?»

«ጠይቆ ያፈረ አለ፤ ሳይጠይቅ የሞተ ግን ይብሳል።» ይህን ዘወትር ይሉታል። ጥቂት ተራመዱና «ደግሞም መጥፎ ሰው አይደሉም» አሉ። ፊታቸው እንደ ኮረዳ ቀላ። እኔ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ቆጠራው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአያ ፈንቴ ግቢ ሆነ። እንደ ደንቡ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተዘረጋ። በወንዱ ወገን አግዳሚው አልበቃ ብሎ የቆመ ነበር፤ አያ ፈንቴም በአዲሱ ጋቢያቸው መካከል ላይ ተቀምጠዋል። በሴቷ ወገን እኔ ብቻ ነበርሁ። ሙሽራዪቱ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ይህም ደንብ አልነበረም፤ ነገር ግን ያን አግዳሚ ባዶውን ማየት ለማንም የሚያስችል አልነበረም። ሴቶቹ አጥር ሥር ተሰብስበዋል።

መጀመሪያ እትዬ ትርንጎ ቆጠሩ። «እኔ ትርንጎ፤ እናቴ አልማዝ፤ የአልማዝ እናት ወለላ። ሸዋ ሲያገቧት ነው ወለላ የተባለችው፤ የቀድሞ ስሟን አላውቅም። ከእሷ በላይም አላውቅም።» ይኸው ነበር ያላቸው።

አያ ቢሻው በሁለት እጃቸው በትሩን ይዘው ቆሙ። አንድ ስም በጠሩ ቁጥር በትሩን መሬት ላይ ይተክላሉ። ከሩቅ ጀምረው ወረዱ፤ ስሙ ከስም ሲያያዝ፣ በትሩ ሲወድቅ ሲነሣ፣ ግቢው ጸጥ ረጭ አለ። «ገላው ዘነቡን ወለደ፤ ዘነቡ ደስታን ወለደች፤ ደስታ ፈንቴን ወለደ» ብለው የአያ ፈንቴን ቤት ጨረሱ። ከዚያ በየጎኑ የወጡትን፣ ያገቡትን፣ የተሰደዱትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠሩ። አንዳቸውም ሸዋ የሄደ አልነበረም። እትዬ ትርንጎ ስሞቹን በከንፈራቸው እየተከተሉ ጉልበቴን ጨምቀው ይዘውኛል።

አያ ቢሻው በትራቸውን አነሡ።

«አይገናኙም። ዝምድና የለም። ጋብቻው ይሁን!»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ወንዶቹ አያ ፈንቴን ትከሻቸውን እየመቱ እንኳን ደስ ያለህ አሏቸው። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል አመድ የመሰለ ፊት የነበረው የሙሽራዪቱ ብቻ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያን ጊዜ ግን ማንንም ለማየት አልነበረም። ዓይናቸውን ጠረጉና መልሰው አደረጉት። «አለቀ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወንዝ ያመጣት እንደሆነች ቀረች።» ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀጥ ብለው ቆሙና ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ጀግንነት አላየሁም።

እልልታው ሁለተኛ ሊቀጥል ሲል አያ ፈንቴ ተነሡ።

«ቆይ፣ አያ ቢሻው። ተቆጥሮ አላለቀም።»

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

«ገላው የወለደው ዘነቡን ብቻ አይደለም።»

አያ ቢሻው በትራቸውን ጨበጡ። «ፈንቴ፣ ተቀመጥ» አሉ።

«አልቀመጥም። አያቴ ዘነቡ ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ይታይሽ ነው ስሟ። አያቴ ሰው በሌለበት ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ክረምት ሊወጣ ሲል ነው፤ ወንዙ ገና አልጎደለም። ይታይሽ የአባቷን ፈረስ ላጠጣ ብላ ወጣች። ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ። ለካህን ልጅ የታጨች ልጅ ናትና ማንም ነገሩን ከነጋዴ ጋር አላያያዘውም፤ ውሃ ወሰዳት አሉ። ተለቀሰ። ተዝካሯ ወጣ፣ አገር በላ። በዓመቱ አንድ ነጋዴ መጥቶ 'አለች፣ ሸዋ አግብታለች' አላቸው። ገላው ምን ይበል? የልጁን ተዝካር ላገር አብልቷል። 'ተዝካሯ የተበላ አትቆጠርም፤ ስሟን ያነሣ ከእኔ አይደለም' ብሎ ገዘተ። እኔም ግዝቱን ፈርቸ ይኸው እስከዛሬ ዝም አልሁ።»

እናቱ የሞተችበትና ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ወንዝ የወረደችው ስትመለስ ግን ማልቀሱ ይቆማል፤ እነዚህ ሰዎች አልቅሰው ስላበቁ እንድትመለስ አልፈለጉም።

እትዬ ትርንጎ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆመዋል። «ፈረሱ ባዶውን አልተመለሰም» አሉ። «አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር ነበር።»

አያ ፈንቴ ቀስ ብለው ዞሩ። «ነበር» አሉ። «ነጠላዋ።»

«ድልድዩ ላይ ስትደርስ ነው ያሰረችለት። ሌባ እንዳይሏት ፈረሱን ሰደደችው፤ ሌላ የምትልከው ስላልነበራት ነጠላዋን ላከች። አያቴ እስክትሞት ድረስ ምን ትል እንደነበር ያውቃሉ? 'ነጠላዬ ደርሷቸዋል፤ ደኅና መሆኔን ያውቃሉ' ትል ነበር።»

አጥር ሥር ካሉት ሴቶች አንዷ ወየው አለች። አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያች ነጠላ ላይ ነው ያለቀስንባት» አሉ። «ለቅሶው መሀል ዘርግተው፣ እሷን እየጠሩ።»

ከወንዱ ወገን አንዱ «ፈንቴ፣ ኧረ ሚስትህን እያጣህ ነው!» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«መቸ ጠፋኝ» አሉ አያ ፈንቴ።

አያ ቢሻው ከባድ ሰው ናቸው። «ተዝካሯ የተበላ ሰው…» ብለው ጀመሩ።

«የበላነው እኛ!» ብለው ጮሁ አያ ፈንቴ። «እሷ ምን አጠፋች? በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር የበላ ያፍር እንጂ፣ ተዝካሩ የተበላበት ያፍራል? ቁጠራት፣ አያ ቢሻው። ግዝቱን እኔ እሸከማለሁ።»

የወንዙ ድምፅ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። አያ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በትሩን አንሥተው፣ ከሩቁ ጀምረው እንደገና ወረዱ። ገላው ላይ ሲደርሱ በትሩ አየር ላይ ቆመ። «ገላው ዘነቡን ወለደ» አሉ፤ በትሩ ወረደ። «ገላው… ይታይሽን ወለደ።» በትሩን እንዲህ አጥብቀው ሲተክሉት አላየሁም፤ ቆሞ ቀረ። «ይታይሽ አልማዝን ወለደች፤ አልማዝ ትርንጎን ወለደች። በሦስተኛው ቤት ይገናኛሉ። ጋብቻው አይሆንም! እህትና ወንድም ናቸው!»

ለፈረሰ ጋብቻ እልል ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያው እልልታ ከዚህኛው አጠገብ ሹክሹክታ ነበር። ሴቶቹ አጥሩን ጥሰው ገቡ። እትዬ ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን በጭናቸው ላይ እየመቱ፣ «ገላው! ገላው! የገላው ልጅ!» እያሉ አለቀሱ፤ ሳቁ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁም። እኔም የሽማግሌነቴን ክብር ረስቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሰዎቹ እጃቸውን ይዘው ሲያነሷቸው፣ እያንዳንዱ ከየት ቤት እንደሆነና በስንተኛው ቤት እንደሚገናኛቸው እየነገረ ነበር የሚስማቸው።

ጩኸቱ ሲበርድ ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ። እትዬ ትርንጎ እንደገና አጠገቤ፣ እዚያው ባዶ አግዳሚያችን ላይ ተቀመጡ። አያ ፈንቴ ግን ወደ ወንዱ ወገን አልተመለሱም። ግቢው መሀል ለጥቂት ጊዜ ብቻቸውን ቆሙ። አዲስ የተመረገውን ቤታቸውን አንዴ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ግቢውን አቋርጠው ወደ እኛ መጡና «እስቲ ጠጋ በል፣ አንተ ልጅ» ብለውኝ በእኔና በእትዬ ትርንጎ መካከል ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ቋጥሯል። ወዲያው ፊት ለፊታቸው ወዳሉት ሽማግሌዎች ቀና ብለው፣ በቤቱ አባወራ ድምፅ፦

«በሉ እንግዲህ፤ እህቴን የሚጠይቅ ካለ፣ ነገሩ ከእኔ ጋር ነው» አሉ።